ተራራውን በነሐሴ ብቻ ለሚያውቀው ወንድሜ

ውድ ወንድም ጋሼ ቶሞሂሳ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። እማ በየእሑዱ በስልክ ትጠይቅህና ስትዘጋው «ደህና ነው፣ ጨጓራው ብቻ ነው» ትለኛለች። እኔም ደህና ነኝ። የተናደድኩት ደህና ሆኜ ነው፤ ደክሟት ነው፣ አሟት ነው እንዳትል።

ይህን የምጽፍልህ በስልክ በጀመርኩ ቁጥር ስለምታቋርጠኝ ነው። ወረቀት ላይ ብታቋርጠኝ እንኳ ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ለሙታን በዓል፣ ለቦን፣ ከመምጣትህ በፊት እንዲደርስህ ዛሬውኑ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ። የምጠይቅህ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ግን መጨረሻ ላይ ነው የምነግርህ። መጀመሪያ ካልኩህ የቀረውን አታነበውም።

ነገሩን ታውቀዋለህ፤ እኔ ከቆምኩበት ሆነህ ግን አላየኸውም። የመንደሩን የጋራ የሣር ተራራ የፀሐይ ኃይል ኩባንያው ተከራይቶ ከእግሩ እስከ ራሱ የሶላር ሰሌዳ ሊያለብሰው ነው። ተራራው የሁሉም ቤት ስለሆነ የሁሉም ቤት ማኅተም ካላረፈበት አይሆንም። የሁሉም አርፏል። የቀረው የእኛ ቤት ብቻ ነው፤ የእኛ ቤት ማለት ደግሞ አንተ ነህ። አባባ ከሞተ ወዲህ አባወራው አንተ ነህ። ቶኪዮ ብትኖርም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሙታን ወደየቤታቸው ሲመለሱ አብረሃቸው መጥተህ አብረሃቸው ብትሄድም፣ አባወራው አንተ ነህ። የመንደሩ አለቃ አቶ ኦቶጉሮ በበዓሉ ማብቂያ፣ ሙታኑን ከሸኘን በኋላ፣ ቤታችን መጥቶ ማኅተምህን ይቀበላል። እማ ለእሱ የምታቀርበውን ሐብሐብ ከአሁኑ መርጣለታለች።

እኔ በየመጋቢቱ አዲስ እንዲበቅል አሮጌው ሣር ሲቃጠል ከወንዶቹ ጋር ተሰልፌ፣ የቀርከሃ መምቻዬን ይዤ፣ እሳቱ እንዳይሻገር ዳር ዳሩን እየተከተልኩ የምቀጠቅጠው ሴትዮ ነኝ። ከየቤቱ አንድ ሰው መውጣት ስላለበት አባባ ወገቡን ከታመመ ጀምሮ የምወጣው እኔ ነኝ። ጠዋት አቶ ኦቶጉሮ ስም ይጠራል። የሚጠራው የአባወራውን ስም ነው። «ቶሞሂሳ» ሲል እኔ «አቤት» እላለሁ። መጀመሪያ በስምህ የተጠራሁ ዕለት አንዱ ከኋላ «ቶሞሂሳ ዘንድሮ ጸጉሩን አስረዝሞ መጣ» አለ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ መሳቁ ለእነሱ ቀረ፣ «አቤት» ማለቱ ለእኔ።

አባባ የተቀበረ ሰሞን ወራሹ አንተ መሆንህ ሲነገር ማንም እኔን አልጠየቀኝም። አክስታችን ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አንቺ ነገ ታገቢያለሽ» አለችኝ። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም፤ ቢመጣም በሩን አልከፍትለትም። አንተም ያን ቀን ዝም አልክ። ዝምታህን እንደ ሐዘን ቆጥሬ አለፍኩት።

አሁን ወደ ቢራቢሮዋ ልምጣ። ፊትህን እንደምታጨማድድ ይታየኛል፤ ቢሆንም አንብበው።

ኩባንያው ተራራው ላይ ብርቅ የሆነ ነገር መኖር አለመኖሩን ማስጠናት ነበረበት። አጥኚዎቹ የመጡት አምና በነሐሴ ነው። አንተም ለቦን መጥተህ ስለነበር መንገድ የመራሃቸው አንተ ነህ። እኔ ያን ቀን መንገድ ዳር ባለው የገበሬዎች ሱቅ ዱባ እየደረደርኩ ነበር። ስለ ነፍሳት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ለዱባ ድርደራ ጠቅሞኛል፤ ትል ያለበትን ሳልቆርጥ አውቀዋለሁ። ከሱቁ መስኮት ተራራው ይታያል። ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች የቦን አበባ በምንለቅምበት መንገድ ሲወጡ አየሁ። ከፊት የአባባን የገለባ ባርኔጣ ያደረግከው አንተ ነበርክ።

እራት ላይ እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ለእማ ስትነግራት እጅህ ምግቡን ረስቶት ነበር። «የቦን አበቦቹን፣ ኪክዮውን አሳየኋቸው፤ ኦሚናኤሺውን፣ ሂሜጎታዩን አሳየኋቸው። አንዱ ሰውዬ ሂሜጎታይን በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ተንበርክኮ ፎቶ አነሳት። የሁሉንም ስም ነገርኳቸው፤ አንድም አልረሳሁ» አልክ። እማ በኩራት አየችህ። እኔም ኮርቼብህ ነበር። ምን እንደነገርካቸው አላወቅኩማ።

አንተ የምታውቀው ተራራ እውነተኛ ነው፤ እሱን አልክድህም። ለቦን አበባ ልንለቅም ፀሐይ ሳይበረታ እንነሳለን። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ፣ በከብቶች ማጠጫው ገንዳ በኩል አልፈን የእንጨቱን በር ከፍተን እንገባለን። ጤዛው እስከ ጉልበት ያረጥበናል። አባባ ማጭዱን ይዞ ከፊት፣ አንተ ቅርጫቱን አዝለህ መሐል፣ እኔ ከኋላ። የመጀመሪያዋን ያየናትን አበባ አባባ አይቆርጥም፤ «እሷ የቤቱ ባለቤት ናት፣ አስፈቅደናት እንለፍ» ይል ነበር። አንተ ያልፈነዳውን የኪክዮ እምቡጥ በጣትህ ጨመቅ እያደረግክ ጧ ስታሰኝ፣ አባባ ፊቱን ሳያዞር «ቶሞሂሳ፣ የአያትህን ፈረስ አታፈንዳ» ይልሃል። ሙታኑ ከተራራው ወደ ቤት የሚወርዱት በአበባው ላይ ተቀምጠው ነው ስለተባልን፣ እኔ ከኋላ ሆኜ አያታችን አየር ላይ ሲፈናጠር እያሰብኩ እስቅ ነበር።

ጨዋታችንን አልረሳኸውም አይደል? አዲስ አበባ ወይም አዲስ ቢራቢሮ ቀድሞ አየሁ ያለ ያሸንፋል፤ የተሸነፈ ቅርጫቱን እስከሚቀጥለው ድንጋይ ይሸከማል። በብርቱካንማው ሊሊ ላይ የተንጠለጠለው ትልቁ ጥቁር ቢራቢሮ፣ ክንፉ ላይ የአበባ ብናኝ እንደ በርበሬ ተነስንሶበት፤ እሾሃማው አበባ ላይ የሚርመሰመሱት ነብርማዎቹ፤ እግራችን ሥር ብን የሚሉት ትናንሽ ቢጫዎች። ሁልጊዜ የምታሸንፈው አንተ ነህ። እኔ ቁመቴ ከሣሩ ያንስ ስለነበር የሚታየኝ የአንተ ተረከዝ ነው። አንድ ነገር ግን አስታውሳለሁ፤ እኔ ቀድሜ አየሁ ካልኩ ዞረህ ሳታይ ታምነኝ ነበር። «እሺ አየሽ» ትልና ቅርጫቱን ታነሳለህ።

አሁን አየሁ ስል የሚያምነኝ የለም። አንተም ጭምር።

በሐምሌ አቶ ኦቶጉሮ አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ጠራ። አንተ ስለሌለህ እኔ ሄድኩ። በሩ ላይ አየኝና «ካያኖ፣ ሻዩን ለእነ እትዬ ሱማ ተዪላቸው፣ ግቢና ተቀመጪ፤ ድምፅ ግን የለሽም፣ ቅር እንዳይልሽ» አለኝ። ቅር ብሎኛል አልኩት። «ይበልሽ፣ ቦታ ግን አለ» አለና ትራስ ገፋልኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የጥናቱን ውጤት ሲያነብ ስለ ቢራቢሮዋ፣ ስለ ኦሩሪ፣ የሚለው ላይ ደረሰ። ሰማያዊዋ ኦሩሪ በዚህ ተራራ ልትኖር ትችላለች ተብሎ ተጠርጥሮ እንደነበር፤ በተደረገው ፍለጋ ግን አንዲትም እንዳልታየች፤ በተጨማሪም ከልጅነታቸው ጀምሮ በየዓመቱ ተራራውን የሚወጡት የአካባቢው አባወራ እንዲህ ያለች ቢራቢሮ አይተው እንደማያውቁ መመስከራቸው። ከዚያ ስምህ።

ተነሳሁ። ድምፅ ባይኖረኝም ጉሮሮ አለኝ።

«ኦሩሪ የምትበረው ግንቦትና ሰኔ ነው» አልኩ። «በነሐሴ ፈልገው አላገኘንም ማለት ቀን ወጥተው ኮከብ አጣን እንደማለት ነው። ወንድሜ በነሐሴ እንጂ በግንቦት ተራራውን አያውቀውም። እሱ ነዋሪ አይደለም፣ እንግዳ ነው።»

የታችኛው ቤት አባወራ «ግንቦትማ እኔም አላውቀውም» አለ። «ግንቦት ላይ ሩዝ እተክላለሁ። ጎንበስ እንዳልኩ ቀና የምለው በሰኔ ነው። የሚታየኝ ጭቃና የሚስቴ ቂጥ ነው።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሚስቱ ከኋላ ሻይ እየቀዳች «አንተ ደግሞ እሱንም በደንብ አታየው» አለችው፤ ይብሱን ሳቁ።

ወንድም ጋሼ፣ ነገሩ ይኸው ነው። በግንቦት መንደሩ ሁሉ ሩዝ ማሳው ውስጥ ተደፍቶ ነው የሚከርመው። በግንቦት ተራራ ላይ የሚገኝ ከብት ያለው ሰው ብቻ ነው። አባባ ነበር፤ ሞተ። የቀሩት እትዬ ሱማ ናቸው።

በግንቦት ተራራው ላይ ያነሳኋቸውን የኦሩሪ ፎቶዎች አሳየሁ። አቶ ኦቶጉሮ መነጽሩን አውጥቶ አያቸውና «ቆንጆ ናት» አለ። «ግን ይህች ሰማያዊ ናት፣ ሰማያዊ ደግሞ ብዙ አለ። ተራራው ደግሞ ጀርባዋ ላይ አልተጻፈም።» ወደ እትዬ ሱማ ዞርኩ። «እትዬ፣ እርስዎ አይተዋል፤ በግንቦት በየቀኑ ይወጣሉ። ይንገሯቸው እንጂ» አልኳቸው።

የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዘው ቆሙ። «አይቻለሁ» አሉ። «አይቻለሁ፤ በልጅነቴማ ጥርሴ ላይ ሁሉ ታርፍ ነበር። ግን ልጄ፣ ከብቶቼን በመከር እሸጣለሁ፣ ጉልበቴ አለቀ። ከብት ከሌለ ሣሩን ማን ይበላዋል? እኛ ስንሞት ማን ያቃጥለዋል? አንቺ ብቻሽን? ሣሩ ጫካ ይሆናል፤ ጫካ ሲሆን እሷም ትሄዳለች። ዛሬም ሄደች፣ ነገም ሄደች።» ከዚያ ሻይ ቀዱልኝ። ለእኔ ብቻ ስኳር ያለበት ብስኩት ጨመሩልኝ፤ ያኔ ነው ማልቀስ የፈለግኩት።

በማግስቱ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ሠራተኛ እስኪጨርስ ድረስ ደጋግሞ ጎንበስ አለልኝ። ጥናቱ ተቀባይነት አግኝቷል፤ እንደገና ይጠና የሚል ጥያቄ ማቅረብ የሚችለው የመሬቱ ባለመብት ነው፤ ባለመብቱ ማን ነው? አንተን ነገርኩት። «እንግዲያው ወንድምዎ ቢመጡ» አለኝ። «በነሐሴ ነው የሚመጣው» ስለው «በጣም ጥሩ» አለ።

ከዚያ ነው የደወልኩልህ። ያልከኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ካያ፣ የለችም አላልኩም። አይቼ አላውቅም ነው ያልኩት። ውሸት ነው?»

«ውሸት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አልኩህ።

«ታዲያ ምን ላድርግልሽ? እማ ብቻዋን እዚያ ጣሪያው በሚያፈስ ቤት...»

«ብቻዋን አይደለችም። እኔ አለሁ።»

«ማለቴ» አልክ፤ ማለትህን ግን አልጨረስከውም። ስብሰባ አለኝ ብለህ ዘጋኸው። እኔ ስልኩን ይዤ እንደቆምኩ፣ አጠገቤ ባቄላ የምትፈለፍለው እማ ቀና ሳትል «ወንድምሽን አታድክሚው፣ ጨጓራውን ያመዋል» አለችኝ።

አየህ፣ ውሸታም ነህ ብዬ ልከስህ አልችልም። አንተ እውነትህን ነው። በነሐሴ ወጥቶ ኦሩሪን ያየ ሰው የለም። እኔ ግን ካንተ የተለየ ነገር አውቃለሁ፤ እሱን ደግሞ በስብሰባው ፊት ልናገረው አልቻልኩም፣ በስልክም አላስጨረስከኝም። አንተ አይተሃታል። እኔን ያሳየኸኝ አንተ ነህ።

አንተ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር፣ እኔ አምስት። ሰዉ ሁሉ ሩዝ ተከላ ላይ ነው። እማ እኔን እንድትጠብቅ ማሳው ዳር አስቀምጣህ ነበር። ሰለቸህ። «ነይ አባባን እናስደንግጠው» አልከኝና አዝለኸኝ ወጣህ። በሩ ጋ ስትደርስ አንገትህ በላብ ርሶ ከሸሚዝህ ጋር ተጣብቄ ነበር። ከላይ፣ የከብቶቹ ጨው ከሚቀመጥበት ድንጋይ አጠገብ፣ ያ ነጣ ያለ ቢጫ እምቡጥ ያለው ቁመታም ተክል በብዛት ቆሞ ነበር። ኩራራ ነው። እንደ እሬት ስለሚመር ከብት አይነካውም፤ የድሮ ሰዎች ቀቅለው የመጸዳጃ ቤት ትል ይገድሉበት ነበር። ኦሩሪ ግን እንቁላሏን የምትጥለው እሱ ላይ ብቻ ነው፤ ልጆቿ ሌላ ነገር አይበሉም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ የታየኝ ሰማዩ ተቀዳዶ ቁርጥራጩ በተክሎቹ መሐል ሲዋኝ ነው።

አወረድከኝ። አንዷ መጥታ ክንዴ ላይ ተቀመጠች። ተንበርክከህ ፊትህን ወደ ፊቴ አስጠግተህ «አትተንፍሺ» አልከኝ። አልተነፈስኩም። ዓይኔ እስኪጨልም አልተነፈስኩም። ክንፏን ስትዘጋ አመድ ትመስላለች፤ ስትከፍተው እንደገና ሰማያዊ። ስትበር አንተ ወደ ኋላ እየሄድክ አንጋጠህ ተከተልካትና የጨው ድንጋዩ ላይ ወደቅክ። አገጭህ ተሰነጠቀ። አባባ ሮጦ ደረሰ፣ ፎጣውን አገጭህ ላይ ጫነ፤ አንተን ታቅፎ፣ እኔን በእጁ እየጎተተ ወረደ። መንገድ ላይ «እናታችሁ ስትጠይቅ ብስክሌት ነው» አለን። «ተራራ የሚባል አላየንም፤ ካየን ሦስታችንንም ታርደናለች።»

አንተም ብስክሌት አልክ። ለእማ፣ ለሰፋህ ሐኪም፣ ለትምህርት ቤት ጓደኞችህ። ብስክሌቱ ቀይ እንደነበር፣ ፍሬኑ እንዴት እንደተበጠሰ ሁሉ ጨመርክበት። በኋላ ኩማሞቶ ከተማ አክስታችን ጋ ለትምህርት ተላክህ፤ የአንተ ተራራ ነሐሴ ብቻ ሆነ። ብስክሌቱን እየደጋገምክ ስታወራው አመንከው። አምና እንኳ ለአጥኚዎቹ አገጭህን እያሳየህ የብስክሌቱን ታሪክ እንደነገርካቸው ራስህ ነግረኸናል።

ይህን ከሕልሜ ያመጣሁት እንዳይመስልህ። አባባ ሊሞት ባለበት ዓመት፣ በግንቦት፣ መራመድ ስላልቻለ በትንሿ የጭነት መኪና ወደ ላይ ይዤው ወጣሁ። ከጨው ድንጋዩ አጠገብ አቆምኩ። መስኮቱን አወረደ። ብዙ ነበሩ። መሳቅ ጀመረ፤ ያመው ስለነበር ደረቱን ይዞ ነው የሚስቀው። «ብስክሌት» አለኝ። «እናትሽን ፈርቼ ለልጁ ብስክሌት ሰጠሁት። አሁን ድረስ እየነዳው ነው።»

«ልንገረው?» አልኩት።

«ተዪው። ጢሙን ሲላጭ አንድ ቀን ያስታውሰዋል» አለ።

ኩራራውን ሲመለከት ቆየና ሌላ ነገር ጨመረ፤ ይህንንም ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርሃለሁ። «ቶሞሂሳ ከሁሉም ቀድሞ ያያል። የሚያየው ግን ከመጣ አይደል?» አለ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። ያልሞከርኩትንም ልንገርህ። ማኅተሙ እዚሁ ቤት ነው፣ በአባባ ፎቶ ሥር ባለው መሳቢያ። እማ ማሳ በወረደችበት አንድ ቀን አውጥቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኩት። አውራ ጣቴን አያክልም። ወንዝ ልወረውረው አሰብኩ። ልውጠው ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ምን ይሆናል? አንተ ሌላ ታስቀርጻለህ፤ እኔ ሌባ እባላለሁ፤ ቀድሞም እብድ ተብያለሁ። በስምህ ልይዘውና እምቢ ልልበት እንኳ አልችልም፤ እምቢ የሚባልበትም እሺ የሚባልበትም ያው አንድ ቁራጭ እንጨት ነው፣ በአንተ እጅ ካልተያዘ ግን እንጨት ነው። መለስኩት። አባባን ግን ሳላየው ነው መሳቢያውን የዘጋሁት።

ባለፈው ሳምንት የኩባንያው ሰው ሱቁ ድረስ መጣ። ትሁት ነው፤ ዱባም ገዛ። ስለ ተቃውሞዬ ሰምቷል። «ምናልባት ካለች እንኳ» አለኝ፣ «ከመንገዱ ዳር ቦታ አጥረን ያንን ተክል እንተክልላታለን፤ ወንበርም እናደርጋለን፣ ልጆች መጥተው ያያሉ።» ኩራራውን ከሌላው ሣር የሚለይላት ከብት፣ ከብቱ የተወውን የሚያጸዳላት እሳት እንደሚያስፈልጋት ነገርኩት። «እሳት?» አለኝ። የሶላር ሰሌዳ አጠገብ እሳት። ዱባውን ጠቅልዬ ሰጠሁት። ምን ላድርግ? ሥራዬ ነው።

ይኸውልህ፣ በነሐሴ ላሳይህ የምችለው ምንም የለኝም። ከዚህ የባሰ ነገር አላውቅም። እንድታምነኝ የሚያደርግህ ነገር ሁሉ አንተ በምትመጣበት ጊዜ ከመሬት በታች ነው። ልጆቿ የኩራራውን አበባ በልተው ሲጨርሱ ወደ ሥሩ ይወርዳሉ፤ አፈር ውስጥ ገብተው፣ የቡና ፍሬ የሚያክል ቡናማ ሽፋን ለብሰው ዝም ይላሉ። ነሐሴን፣ በረዶውን፣ የመጋቢቱን እሳት እዚያው ያሳልፉታል። እሳቱ በላያቸው ሲያልፍ እኔ በላያቸው ቆሜ ቀርከሃዬን እመታለሁ። አንዷን ቆፍሬ በሳጥን ውስጥ ላስቀምጥልህ እችል ነበር። አላደርገውም። ለምስክርነት ብዬ ገድያት፣ አንተ አይተህ «እና ይቺ ቡናማ ነገር ናት?» ትለኛለህ።

አሁን የምጠይቅህን ልንገርህ። እምቢ በል አልልህም። እምቢታውን ለራስህ ተወው። የምጠይቅህ ማኅተሙን ከማሳረፍህ በፊት አንድ ጊዜ በግንቦት እንድትመጣ ነው። አንድ ግንቦት። ኩባንያው እስከዚያ አይጠብቅም ትለኛለህ፤ አውቃለሁ። አቶ ኦቶጉሮ ይቆጣል፤ አውቃለሁ። እማ አንገቷን ትደፋለች፤ እሱንም አውቃለሁ። ይህን አንብበህ «ካያ ደግሞ» ብለህ አጥፈህ እንደምታስቀምጠውም አውቃለሁ ማለት ይቻላል። ቢሆንም ጠየቅኩህ። ጠይቄህ እምቢ ብትለኝ ይሻለኛል፤ ሳልጠይቅህ እሺ አለች ተብሎ ከሚወራ።

ሌላም ነገር አለ። ዘንድሮ የቦን አበባ ለመልቀም አብሬህ አልወጣም። አብሬህ ብወጣ እለምንሃለሁ፤ ልመና አልፈልግም። የአባባ መቃብር ላይ ያሉትን የቀርከሃ የአበባ ማሰሮዎች አጥቤ ባዶአቸውን ትቻቸዋለሁ። ማጭዱን ሞርጄ በሩ አጠገብ ሰቅየዋለሁ። አባባ የሚወርድበትን አበባ አንተ ቁረጥለት፤ አባወራው አንተ ነህ።

በዚያው በለመድከው መንገድ ውጣ። የመጀመሪያዋን አትቁረጣት። ኪክዮውን ብታፈነዳው የሚቆጣህ የለም፤ አፈንዳው። ቅርጫትህ ሲሞላ ከጨው ድንጋዩ አጠገብ ትደርሳለህ። እዚያ አበባው ያለፈ፣ ፍሬው ደርቆ የተንጠለጠለ፣ ለምንም የማይሆን ቁመታም ተክል ቆሞ ታገኛለህ። በነሐሴ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፤ እኛም በልጅነታችን ሁልጊዜ አልፈነው እንሄድ ነበር። ተንበርከክና መዳፍህን ሥሩ አጠገብ መሬቱ ላይ አሳርፍ። አትቆፍር። ምንም አይታይህም፣ ምንም አይሰማህም። እዚያ ናት።

እዚያው ሆነህ በሌላ እጅህ አገጭህን ንካ። ከዚያ ውረድና የፈለግከውን አድርግ። ከልክዬህ አላውቅም፤ የምከለክልበትም የለኝም።

ምናልባት ግን አንድ ግንቦት ከተረፈንና ከመጣህ፣ ቅርጫቱን እኔ እሸከመዋለሁ። ክንድህ ላይ ስታርፍ በተራዬ «አትተንፍስ» እልሃለሁ።

ስምህ ሲጠራ «አቤት» የምለው እህትህ፣
ካያኖ